የማይታየው ፊደል

አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ፣ በዊንዶውስ ላፕቶፕ ተጽፎ ሊኑክስ ላይ የሚሄድ የሼል ስክሪፕት ግራ የሚያጋባ ስህተት ሊያወጣ ይችላል። «ፋይሉ የለም» ይላል፤ ፋይሉ ግን ዓይን ፊት ተቀምጧል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ከትእዛዞቹ ውስጥ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን በመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። ሊኑክስ መስመርን የሚዘጋው በአንድ ምልክት፣ በቁጥር 10 ነው። ዊንዶውስ ከእሱ በፊት 13ን ይጨምራል። ይህች 13 የጽሕፈት መኪና ቅርስ ናት፤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ የምትል ትእዛዝ ነበረች። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽ የተባለውን ፕሮግራም ሲጠራ፣ ሊኑክስ 13ን የስሙ አካል አድርጎ ያነባትና «ባሽ» ሳይሆን ጭራ ያለው ሌላ ስም ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በእርግጥም የለም። መልእክቱ አሳሳች ነው እንጂ ውሸት አይደለም።

«ታዲያ ሊኑክስ ለምን አይዘላትም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን 13 በሊኑክስ የፋይል ስም ውስጥ ሳይቀር የተፈቀደች ምልክት ናት፤ ሊኑክስ በግምት ቢጥላት ሆን ተብሎ የገባችውንም ያጠፋል። «ዘመናዊ የጽሑፍ ማረሚያ ችግሩን ፈትቶታል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የዊንዶውስ ኖትፓድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሊኑክስን አጨራረስ ያነባል፤ አዲስ ፋይል ሲጀምር ግን ዛሬም 13ን ያስገባል። ስክሪፕቱን እንደገና ከመጻፍዎ በፊት «ካት» የሚለውን ትእዛዝ ከጭረትና ከትልቁ «ኤ» ጋር ይሞክሩ፤ በየመስመሩ ጫፍ «^M$» ከታየ «ዶስቱዩኒክስ» (dos2unix) የተባለው ፕሮግራም ያጸዳዋል።