የተቀናጀ የመሬት ምልከታ፦ ከሕዋ እስከ ማሳ

የመሬት ምልከታ የየብስን፣ የባሕርንና የከባቢ አየርን ሁኔታ በመሣሪያ እየለኩ በተከታታይ መመዝገብ ነው። ልኬቱ ከሳተላይት፣ ከሜትሮሎጂ ጣቢያ፣ ከወንዝ ዳር መለኪያ፣ ከውቅያኖስ ተንሳፋፊ መሣሪያና በየአካባቢው ተዘዋውሮ መረጃ ከሚሰበስብ ባለሙያ ይገኛል። እነዚህ ምንጮች በጊዜና በቦታ ተናበው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ሲደረግ ሥርዓቱ የተቀናጀ ይባላል። ጠቀሜታው የሚመዘነው መረጃው ለገበሬው፣ ለጤና ባለሙያው ወይም ለአደጋ መከላከል ሠራተኛው በጊዜው ደርሶ በሚያስገኘው ውሳኔ ነው።

ለአየር ሁኔታ ክትትል የተሳካላት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታይሮስ 1 እ.ኤ.አ. በ1960 መጠቀች፤ የየብስን ገጽ በመደበኛነት ለማንሳት የተሠራችው ላንድሳት 1 በ1972 ተከተለች። ዛሬ ያሉት የምልከታ ሳተላይቶች በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ምሕዋር ይሠራሉ። ከምድር ወገብ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚገኙት ከመሬት ሽክርክሪት እኩል ስለሚዞሩ ዘወትር አንድ ክፍለ ዓለም ይጠብቃሉ። አፍሪካንና አውሮፓን የሚቃኙት ሜቴኦሳቶች ከእነዚህ ወገን ሲሆኑ፣ የደመናን እንቅስቃሴ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ያነሳሉ። በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ከዋልታ ዋልታ የሚዞሩት ግን አንዱን ቦታ የሚያዩት በየተወሰኑ ቀናት ቢሆንም አጥርተው ያያሉ። የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ጥንድ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ እየተመላለሱ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቁራሽ መሬትን ለይተው ይመዘግባሉ። ራዳር የተገጠመላቸውን ደመናም ጨለማም አያግዳቸውም። በውቅያኖስ ደግሞ አርጎ በተባለው ፕሮግራም ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊዎች እስከ 2,000 ሜትር እየጠለቁ፣ በየ10 ቀኑ ገደማ ብቅ ብለው የውሃውን ሙቀትና ጨዋማነት ይልካሉ።

የቅንጅት አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየው በዝናብ ልኬት ነው። ሜቴኦሳት የሚለካው የደመናውን አናት ሙቀት ነው፤ አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ደመናው ወደ ላይ የገዘፈና ዝናብ ያዘለ እንደሆነ ይገመታል። ሆኖም በተራራማ አካባቢ አናቱ ብዙም ያልቀዘቀዘ ደመና ጥሩ ዝናብ ሊጥል፣ ስስና ቀዝቃዛ ደመና ደግሞ ጠብታ ሳያወርድ ሊያልፍ ይችላል። የዝናብ መለኪያ የወረደውን በትክክል ይይዛል፤ ምስክርነቱ ግን ለተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ጣቢያዎቹ የሚበዙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ስለሆነ የአርብቶ አደሩ ቆላማ አካባቢ ብዙ መለኪያ የለውም። የሀገሪቱ የሜትሮሎጂ ተቋም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ኢናክትስ በተሰኘው ሥራ ሁለቱን ምንጮች አዋሕዷል። ሳተላይቱ በጣቢያዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍናል፤ ጣቢያው የሳተላይቱን ግምት ያርማል። በዚህ መንገድ መላ ሀገሪቱን የሚሸፍንና እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚዘልቅ የዝናብ መዝገብ ተገኝቷል። የዘንድሮው ዝናብ ዘገየ ወይም አነሰ ለማለት የሚቻለው እንዲህ ያለ ረጅም ማነጻጸሪያ ሲኖር ነው።

ይህ መዝገብ በቀጥታ የሚያገለግለው ለድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ረሃብ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት ፊውስ ኔት የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አቋቋመ። ክትትሉ ደረጃ አለው። ከዝናቡ ወቅት ወራት ቀደም ብሎ የባሕር ሙቀት ይታያል፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኞ ሲከሰት የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ይዳከማል። ወቅቱ ሲገባ የዝናቡ አጀማመርና ሥርጭት ይመዘናል። ቀጥሎ የእፅዋት ልምላሜ አመልካች ይመጣል፤ ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ውጦ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ስለሚያንጸባርቅ፣ የሁለቱ ልዩነት ሰብሉና ግጦሹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ያሳያል። በመጨረሻ የገበያ ዋጋ ይታከላል፤ እህል እየተወደደ ከብት ሲረክስ አርብቶ አደሩ ጥሪቱን ለመሸጥ መገደዱን ያመለክታል። ምልክቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ሲያመሩ፣ ተገዝቶና ተጓጉዞ እስኪደርስ ወራት የሚፈጀውን የምግብ እርዳታ አስቀድሞ ማሰናዳት ይቻላል።

የበረሃ አንበጣ ክትትል የዚህን ሰንሰለት ጥንካሬም መላላትም ያሳያል። አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋማ አፈር ነው፤ ኩብኩባው የሚያድገውም ከዝናብ በኋላ በሚበቅለው ለምለም እፅዋት ላይ ነው። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዝናብ ያገኘውንና የለመለመውን በረሃ በሳተላይት ይለያል፤ የየሀገሩ አሳሾች ቦታው ድረስ ሄደው ያዩትን በታብሌት ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በደቡብ አረቢያ በረሃ ከባድ ዝናብ ጣሉ። አውሎ ነፋሶቹ ከሕዋ ታይተዋል፤ አሳሽ በማይደርስበት ምድረ በዳ ግን አንበጣው ለወራት ሳይታወቅ ተራባ። በጦርነት ላይ በነበረችው የመንም መከላከሉ ተሰናከለ። በ2019 ወደ ኢትዮጵያና ሶማሊያ የተሻገረው ወረራ በ25 ዓመታት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ ሆነ። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በቀን የሚያወድመውም የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ነው።

በጤናው ዘርፍ፣ የወባ ትንኝ መራባት ከዝናብና ከሙቀት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በአማራ ክልል የሳተላይት ልኬትን ከጤና ተቋማት ሳምንታዊ ሪፖርት ጋር በማጣመር የወባ ወረርሽኝን ለመተንበይ ተሠርቷል። በቦረና ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀረበው የከብት መድን ደግሞ ካሣ የሚከፍለው የግጦሹ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። የሞተን ከብት እየዞሩ መቁጠር አያስፈልግም፤ ሆኖም አመልካቹ የአካባቢ አማካይ ስለሆነ የተጎዳ ቤተሰብ ያለ ካሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በጎርፍ ጊዜ ደግሞ የራዳር ምስል ውሃ የተኛበትን ቦታ በደመና ውስጥ አልፎ ስለሚያሳይ የነፍስ አድን ሠራተኞች የት መሄድ እንዳለባቸው ይጠቁማል።

ይህን ሁሉ አንድ ሀገር ብቻውን አይሸከመውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተውና ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቫ የሚገኘው የመሬት ምልከታ ቡድን ከ100 በላይ መንግሥታትን አሰባስቦ መረጃ እንዲጋሩ ይሠራል። የላንድሳት ምስል በ2008 ለማንኛውም ሰው በነፃ መለቀቁ አጠቃቀሙን እጅግ አስፍቶታል። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች።

ሥርዓቱ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ጫፎቹ ነው። በአንደኛው ጫፍ የልኬቱ ቀጣይነት አለ፤ ጣቢያ ያለ ጥገና ዝም ይላል፣ ሳተላይት ዕድሜው ያልቃል፣ የአሜሪካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሲቋረጥም ፊውስ ኔት ለወራት ሥራ አቁሟል። በሌላው ጫፍ ማስጠንቀቂያውን የሚቀበለው ወገን አለ። ትንበያው በአካባቢው ቋንቋ በሬዲዮና በግብርና ልማት ሠራተኛ በኩል ካልደረሰ፣ ዘርና መኖ መግዣ በጀትም አስቀድሞ ካልተያዘ፣ ድርቁ ቀድሞ መታወቁ ለአርሶ አደሩ የሚጨምረው ነገር የለም።