ለማንበብ የሚገባው መጽሔት የትኛው ነው?

በቤተ መጻሕፍት የመጽሔት መደርደሪያ ፊት ቆሞ የሚያመነታ ተማሪ ብዙ ነው። ጊዜያችን አጭር ስለ ሆነ ሁሉን ማንበብ አይቻልም፤ ያገኙትን ማገላበጥም ዕውቀት አይሆንም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ለመምረጥም ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ መጽሔቱ ለከባድ ነገር በቂ ቦታ ይሰጣልን? በአሜሪካ የሚታተመው «ኒው ዮርከር» ኦገስት 31 ቀን 1946 የወጣውን እትም በሙሉ ለአንድ ጽሑፍ ሰጠ። ጆን ኸርሲ የጻፈው ይህ ጽሑፍ በሂሮሺማ ከወደቀው የአቶም ቦምብ የተረፉ ስድስት ሰዎች የደረሰባቸውን ይተርካል። የቦምቡን መጣል ጋዜጦች ከአንድ ዓመት በፊት አውርተውታል፤ በሰው ላይ ያደረሰውን ግን ብዙ አንባቢ የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፦ የሚናገረው ማን ነው? በ1843 በለንደን የተመሠረተው «ኢኮኖሚስት» ከጥቂቶች በቀር በጽሑፎቹ ላይ የጸሐፊ ስም አያወጣም፤ በአንድ ድምፅ ይናገራል። የዓለምን ነገር በየሳምንቱ በሥርዓት ያቀርባል። ነገር ግን ከመነሻው ለነፃ ንግድ የቆመ ነውና፣ ፍርዱን እንደ ወንጌል የሚቀበል ሰው ሳያውቀው የሌላ አፍ ይሆናል። ስለምናውቀው ነገር፣ ይልቁንም ስለ አገራችን የጻፈውን አስቀድመን እንመርምር፤ እዚያ ከሳተ፣ ስለማናውቀው አገር የሚጽፈውንም በጥንቃቄ ማየት ይገባናል።

ሦስተኛ፦ ተቃዋሚውን ያናግራልን? ራጃት ኒዮጊ በ1961 በካምፓላ ያቋቋመው «ትራንዚሽን» የአንባቢዎችን የተቃውሞ ደብዳቤ በሰፊው ያትም ነበር። ዋጋውም ከባድ ሆነ፤ በ1968 የኡጋንዳ መንግሥት አዘጋጁን አሰረው። መጽሔቱ ግን ኋላ ወደ አክራ ተሻግሮ ሥራውን ቀጠለ።

ሦስቱንም የሚያሟላ አንድ መጽሔት ማግኘት ያስቸግራል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ሐሳባቸው የማይገጥም ሁለት መጽሔቶች መርጦ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ መከታተል ሃያ ከማገላበጥ ይሻላል። በእነርሱም ላይ ስለ አገራችን የሚጽፍ አንድ እንጨምር፤ ለምሳሌ በ1963 መታተም የጀመረውን «ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ»።

በክርክር ላይ «አንብቤያለሁ» ማለት ለማንም ቀላል ነው። «አንብቤ አልተስማማሁም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ለማለት የሚችል ተማሪ ግን ጊዜውን በከንቱ አላጠፋም።