መልአከ ሞት

መልአከ ሞት በኢትዮጵያ የክርስትና፣ የእስልምናና የቤተ እስራኤል ትውፊቶች የሰውን ነፍስ ከሥጋው ለመለየት ከፈጣሪ የሚላክ መልአክ ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች የራሱ የሆነ ስም አለው፤ በሌሎች ደግሞ ሞት ራሱ እንደ ሰው ይመጣል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል። በጎንደር አካባቢ ሦስቱ ትውፊቶች ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ስለኖሩ ስለ መልአከ ሞት የሚነገሩት ታሪኮች ብዙ ነገር ይጋራሉ።

ስሙ

«ሞት» የሚለው ቃል በግዕዝም በአማርኛም አንድ ነው። የዐረብኛው «መውት» እና የዕብራይስጡ «ማቬት» ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶርያ፣ ራስ ሻምራ በተባለው ቦታ፣ ከጥንታዊቷ ኡጋሪት ፍርስራሽ በተገኙ የሸክላ ጽላቶች ላይ «ሞት» የአንድ አምላክ ስም ሆኖ ይገኛል። ይህ አምላክ የዝናብ ጌታ የሆነውን በኣልን ይውጠዋል፤ የበኣል እኅት ዐናት ደግሞ ሞትን በሰይፍ ሰንጥቃ፣ እንደ እህል አበጥራና ፈጭታ በእርሻ ላይ ትበትነዋለች። አማርኛ ተናጋሪ ዛሬም «ሞት ነጠቀን»፣ «ሞት ቀደመው»፣ «ከሞት መንጋጋ አመለጠ» ሲል ቃሉን እንደ አንድ አካል ነው የሚናገረው፤ አምላክነቱ ግን ከቀረ ቆይቷል።

በክርስትናና በእስልምና

በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ከአራቱ ፈረሰኞች የመጨረሻው፣ በሐመር ፈረስ የተቀመጠው፣ ስሙ ሞት ነው፤ ሲኦልም ይከተለዋል። በግዕዝ ከተተረጎሙት መጻሕፍት መካከል የአብርሃምን አሟሟት የሚተርከው መጽሐፍ ለዚህ ርዕስ ዋነኛ ምንጭ ነው። በዚህ ታሪክ አብርሃም ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ለመሄድ እሺ አይልም። በመጨረሻ ሞት ራሱ መልኩን አሳምሮ ወደ እርሱ ይመጣል፤ አብርሃም እውነተኛ መልኩን እንዲያሳየው ሲጠይቀው ግን እጅግ አስፈሪ ሆኖ ይገለጥለታል። የመልኩ ማማር የሚደረገው ለጻድቃን ሲሆን ኃጥአን የሚያዩት አስፈሪውን ነው። ከዚህ የተለየ ዓይነት ጽሑፍ ልፋፈ ጽድቅ ነው። ከሟች ጋር ይቀበር የነበረው ይህ የጸሎት መጽሐፍ ነፍስ በመንገዷ ላይ ከሚያጋጥሟት ክፉ ኃይሎች እንዲጠብቃት የታሰበ ነው።

በቁርኣን «መለከል መውት» በምዕራፍ 32፣ አንቀጽ 11 ተጠቅሷል። ዒዝራኢል የሚለው ስም ግን በቁርኣን ውስጥ የለም፤ ከኋለኛው ትውፊት የመጣ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደተዘገበው፣ መልአኩ ወደ ነቢዩ ሙሳ በመጣ ጊዜ መትተው ዓይኑን አጠፉት። አላህም ዓይኑን መለሰለትና እንዲህ ሲል ላከው፦ ሙሳ እጃቸውን በበሬ ጀርባ ላይ ያኑሩ፣ እጃቸው በሸፈነው ፀጉር ልክ በእያንዳንዱ አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል። ሙሳ ከዚያስ በኋላ ምን እንደሚመጣ ጠየቁ። ሞት መሆኑን ሲሰሙ እንግዲያው አሁኑኑ ይሁን አሉ።

በቤተ እስራኤል

ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ፣ በወልቃይት፣ በፀገዴ እና ዛሬ ሳንጃ የወረዳ ዋና ከተማ በሆነችበት በአርማጭሆ ይኖሩ ነበር። ከቀሳውስቶቻቸው የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ «ሞተ ሙሴ» ይባላል። ዣክ ፋይትሎቪች በ1906 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳተመው፤ ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አወጣው። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ መጽሐፉ ከዐረብኛ ምንጭ የመጣ መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ የአይሁድ ነቢይ ታሪክ በእስልምና ትውፊት አልፎ፣ በግዕዝ ተጽፎ፣ በጎንደር መንደሮች ተነብቧል ማለት ነው።

በመጽሐፉ የሞት መልአክ ስም ሱርያል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሱርያል ከሊቃነ መላእክት መካከል የሚቆጠር ስለሆነ የሁለቱ አገባብ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ሱርያል በወጣት አምሳል ወደ ሙሴ ይመጣል። ሙሴ ይደነግጣል፣ ያለቅሳልም፤ ከዚያ ቤተሰቡን ለመሰናበት ጊዜ ይለምናል። መልአኩ አይቸኩልም። ሙሴ ተሰናብቶ ሲሄድ መቃብር የሚቆፍሩ ሦስት ወጣቶች ያገኛል፤ እነርሱም መላእክት ናቸው። መቃብሩ የማን እንደሆነ ጠይቆ በመጨረሻ ራሱ ይገባበታል፤ በዚያም ያርፋል። በታሪኩ ውስጥ ጦርም ማጭድም የለም። መልአኩ የራሱ ቁጣ ወይም ፍላጎት የለውም፤ የተላከበትን ይፈጽማል እንጂ። ትረካው የሚያተኩረው በስንብቱ ላይ ነው።

ይህን መጽሐፍ ያቆየው ሕዝብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር ምዕራባዊ ቆላ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ተጓዘ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በተካሄደው «ኦፕሬሽን ሙሴ» ከ6,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች፣ በተለይም በኡም ራኩባ፣ በረሃብና በበሽታ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ብዙዎቹ እንደ ሙሴ ምድሪቱን ሳይገቡባት ቀሩ፤ በሙሴ ታሪክ ከነበረው ስንብት ግን ለአብዛኞቹ ጊዜ አልተገኘም። ለእነርሱ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ።

በቪዲዮ ጨዋታዎች

ማጭድ ይዞ ጥቁር ካባ የለበሰው አጽም የአውሮፓ ሥዕል ነው፤ ይህን የመሰለው የሞት ሥዕል የተስፋፋውም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደረሰው ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ ነው። የቪዲዮ ጨዋታዎች ሞት በአብዛኛው ከዚህ የተቀዳ ነው። የጃፓኑ ኮናሚ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ካስልቬንያ» ሞት የድራኩላ አገልጋይ ሆኖ ተጫዋቹን ይዋጋል፤ ሊሸነፍም ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዳርክሳይደርስ 2» ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ሞት ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ ከዮሐንስ ራእይ ፈረሰኞች የተወሰደ ነው፤ ወንድሙን ጦርነትን ከሐሰት ክስ ነፃ ለማውጣት የጠፋውን የሰው ዘር ሊመልስ ይነሣል፣ በመጨረሻም ለዚሁ ሲል ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

ለሞተ ሙሴ ቅርብ የሆነው ግን «ዘ ሲምስ» ሳይሆን አይቀርም። በዚህ የቤት ውስጥ ኑሮን በሚያስመስል ጨዋታ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሞት ሞት በጥቁር ካባው ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ከቤተሰቡ አንዱም ቀርቦ ሊለምነው ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሞት ልመናውን ይቀበላል።