የሴቲቱ ቃል

አማርኛ የአንድን ግሥ ጭራ ለውጦ ሁለት የተለያየ ታሪክ ያወራል። «አስወረዳት» ከተባለ መከራ ነው፤ ጎረቤት አጥሚት ይዞ፣ «እግዜር ይማርሽ፣ ሌላ ይተካልሽ» እያለ ይመጣል። «አስወረደች» ከተባለ ግን ድርጊት ነው፤ የሚያወራውም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ ነው። ደም እየፈሰሳት ድንገተኛ ክፍል የገባች ሴት ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጥ መገመት አያዳግትም።

ይህ የቃል ምርጫ ለሐኪሙ ፈተና፣ ለአጥኚው ራስ ምታት ሆኖ ኖሯል። ሐኪሙ ማህፀን ውስጥ የቀረ የዕፅ ሥር ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ያገኛል፤ ታካሚዋ ግን «ከደረጃ ወድቄ ነው» ትላለች። እንዶድ የጠጣችም፣ በረኪና የጠጣችም፣ የወባ ኪኒን ከልክ በላይ የዋጠችም መልሷ ያው ነው። እውነቱን መናገር የእስር ቤትን በር ማንኳኳት ነበርና አይፈረድባትም። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1983 ባርባራ ክዋስትና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ የእናቶችን ሞት ሲያጠኑ፣ ከሁሉ በላይ ሆኖ ያገኙት ምክንያት የውርጃ መዘዝ ነበር። በመንደር «በሆድ ቁርጠት ሞተች» ተብላ የተቀበረች ሴት እውነተኛ የሞት ምክንያቷ በጥናት ሰነድ ላይ ሰፈረ።

በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሩን ጨርሶ አልዘጋውም ነበር። በእርጉዟ ሕይወት ወይም ጤና ላይ ከባድና ዘላቂ አደጋ ካለ፣ አደጋውንም በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለ፣ አንድ ሐኪም በጽሑፍ አረጋግጦ ሁለተኛ ሐኪም ሲስማማበት ፅንሱ ሊቋረጥ ይችል ነበር። ሁለት ሐኪም! በዚያን ዘመን በአንድ አውራጃ አንድ ሐኪም ከተገኘ ዕድል ነው። ሕጉ የፈቀደውን የሀገሩ ሁኔታ ከለከለው።

ሕጉ ሲከለስ ክርክሩ ወደ አደባባይ ወጣ። የኢትዮጵያ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበር አባላት በየዋርዱ የሚያዩትን ሞት ይዘው መጡ። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በበኩሉ ለዓመታት ሲታገልባቸው የነበሩ ጉዳዮች ነበሩት፦ ጠለፋ፣ አስገድዶ መድፈር፣ የሴት ልጅ ግርዛት። የቀድሞው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት ያድነው እንደነበር ማስታወስ ይገባል። የሃይማኖት ተቋማት ደግሞ ፅንስ ሕይወት ነው፣ ሕይወትን የሰጠም የሚወስድም ፈጣሪ ነው ብለው በጽናት ተቃወሙ። ከዚህ ሁሉ ግፊያ የወጣው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ አልፈረደም።

ሕጉን እንዳለ ማንበብ ይጠቅማል፤ አብዛኛው ተከራካሪ ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። አንቀጽ 545 ሆነ ብሎ ፅንስን ማቋረጥ፣ በየትኛውም የእርግዝና ደረጃና በየትኛውም መንገድ ቢሆን፣ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ከስድስት አንቀጽ በኋላ ደግሞ አንቀጽ 551 የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር በተፈጸመ ግንኙነት ከመጣ፤ ለእናቲቱ ወይም ለልጁ ሕይወት፣ ወይም ለእናቲቱ ጤንነት አደጋ ከሆነ፤ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፤ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ፣ ልጅ ለማሳደግ ካልተዘጋጀች። በመካከሉ ያለው አንቀጽ 550 ደግሞ ብዙም አይነሳም። ሴቲቱ ፅንሱን ያቋረጠችው በከፋ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላታል። ድህነት ምክንያት እንደሚሆን አምኖ፣ ግን ይቅርታ ሳያደርግ፣ መንገድ ላይ የቆመ አንቀጽ ነው።

የሕጉ ትልቁ ጉልበት ያለው ግን በአንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2 ውስጥ ነው። መደፈሯን ወይም ፅንሱ ከቅርብ ዘመድ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው። የፖሊስ ወረቀት አያሻም፤ የደፋሪውን ስም መናገርም ግድ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የአሠራር መመሪያ ይህንኑ ይዞ ወደፊት ሄደ። ዕድሜዋን ስትናገር ታምና ትስተናገዳለች፤ መታወቂያ ወይም የልደት ካርድ አትጠየቅም። አገልግሎቱ ከጠየቀችበት ጀምሮ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጣት ይገባል። ሥራውም ለስፔሻሊስት ብቻ አልተተወም፤ የሠለጠኑ አዋላጅ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲሠሩት ተፈቀደ። የሁለት ሐኪም ፊርማ ይጠይቅ ከነበረው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ርቀቱ ረጅም ነው።

መመሪያው «ጤንነት» የሚለውን ቃል የተረጎመበት መንገድም ቀላል አይደለም። ሴቲቱ አገልግሎቱን በጠየቀችበት ሰዓት የግድ ታማ መገኘት የለባትም ይላል። እርግዝናው ቢቀጥል ጤናዋን ይጎዳ እንደሆነ በቅን ልቦና መመዘን የባለሙያው ኃላፊነት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሌላ አገር ሲታይ ነው። የአየርላንድ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1983 ባጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የፅንሱንና የእናቲቱን የመኖር መብት እኩል አድርጎ ነበር። ቃሉ «ሕይወት» እንጂ «ጤና» አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በጎልዌይ ከተማ ሆስፒታል የገባች የ31 ዓመት ሕንዳዊት የጥርስ ሐኪም፣ የ17 ሳምንት ፅንሷ መውረዱ እንደማይቀር ተነግሯት ሳለ፣ እንዲቋረጥላት ብትጠይቅ የፅንሱ ልብ ገና ይመታል ተብላ ተከለከለች። ሐኪሞቹ ሕይወቷ አደጋ ላይ እስኪወድቅ ጠበቁ፤ ሲወድቅ ኢንፌክሽኑ ደሟን መርዞት ነበር። ከሞተች በኋላ የተነሳው ቁጣ ሳይበርድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 66.4 በመቶው መራጭ ያንን ማሻሻያ ሻረው። ጤና ተጎድቶ ሕይወት ላይ አደጋ እስኪደርስ ያለው ጊዜ አንዳንዴ በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ የሕግ ቃል የሚመዘነውም በዚያች ሰዓት ነው።

የኢትዮጵያው ሕግ ምን አመጣ? እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን አንዱን ቁጥር ይዞ በየፊናው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተሠራ ጥናት በአገሪቱ በዓመቱ 382,500 ያህል ፅንስ ሆነ ተብሎ መቋረጡ ተገመተ፤ ከዚህ ውስጥ በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተሠራው 27 በመቶው ብቻ ነበር። በ2014 ጥናቱ ሲደገም ጠቅላላው 620,300፣ በጤና ተቋም የተሠራው ደግሞ 53 በመቶ ሆነ። ተቃዋሚው «በሩ ሲከፈት ጎርፉ ገባ» ይላል። ደጋፊው «በስውር የሚሠራው ወደ ብርሃን ወጣ» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ የሕዝቡ ብዛት ማደጉን ግን ሁለቱም ይረሱታል። በውርጃ መዘዝ የታከሙት ሴቶች ቁጥርም ከ52,600 ወደ 103,600 ከፍ ብሏል፤ ይህ የጉዳት መብዛት ብቻ ሳይሆን ሕክምና የሚደርስላቸው መብዛትም ጭምር ነው።

የእናቶች ሞት በበኩሉ ቀንሷል። በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 871፣ በ2011 676፣ በ2016 ደግሞ 412 ነበሩ። ይህንን ሁሉ ለአንቀጽ 551 ማሸከም ግን ሐቀኝነት አይሆንም። በዚሁ ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል፤ ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶችም በብዙ እጥፍ ጨምረዋል። ሐኪሞች ከሚናገሩት ውስጥ የሚታመነው ለውጥ ትንሽና ግልጽ ነው፦ ማህፀኗ ተበስቶ፣ አንጀቷ ተጎድቶ፣ መግል ይዞ የምትመጣ ሴት እንደ ድሮው የዋርዱ የዘወትር እንግዳ አይደለችም።

ተቃውሞው በሃይማኖት ብቻ የቆመ አይደለም፤ በሃይማኖት ውስጥም አንድ ዓይነት አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ካቶሊካውያን ሕይወትን ከፅንሰት ጀምረው ይቆጥራሉ። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ነፍስ በፅንሱ ላይ የሚነፋበት 120ኛው ቀን ረጅም ውይይት አለው፤ የእናቲቱ ሕይወት ሲያሰጋ ግን እሷን ማስቀደሙ ላይ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ከሕግ ሰዎች መካከል ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን የሚጠቅሱ አሉ። በአንቀጽ 1 ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ አንቀጽ 2 ግን የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ፣ በሕይወት ከተወለደ፣ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ውርስ ላይ የሚታሰበው ልጅ እዚህ ሲደርስ ለምን ይረሳል የሚለው ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ሕሊናው የማይፈቅድለት ባለሙያም አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት ሕጋዊ የፅንስ ማቋረጥ አገልግሎት እንዳይከለክል ያዛል፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ነርስ ብቻ ባለበት ወረዳ ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ሠራተኞቹ ያውቁታል።

በዚህ ላይ የሩቅ አገር ምርጫ ይጨመራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 በሜክሲኮ ከተማ ያወጀችው ፖሊሲ፣ ፅንስ ማቋረጥን የሚሠራ ወይም ስለ እሱ የሚያማክር የውጭ ድርጅት የአሜሪካን ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክላል። ሪፐብሊካን ሲገባ ይታወጃል፣ ዴሞክራት ሲገባ ይነሳል፤ በጥር 2025 እንደገና ታውጇል። በአዲስ አበባ ሕጋዊ የሆነ ምክር በዋሽንግተን ፊርማ በጀት ያጣል፤ ከገንዘቡ ጋር የሚሄደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእርግዝና መከላከያው ነው።

ሕጉ ከሁሉ በላይ የተፈተነው በትግራዩ ጦርነት ነው። የሴቲቱ ቃል በቂ እንዲሆን ቃሏን የሚሰማ ሰው በቦታው መኖር አለበት። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን አይቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ባወጣው መግለጫ፣ በመደበኛ ሁኔታ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ 70 በመቶ የሚጠጉት መዘረፋቸውን ገለጸ። የተደፈሩ ሴቶች ወደ ሕክምና የደረሱት ብዙዎቹ ዘግይተው ነው፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አልደረሱም። ሕጉ ባለበት ነበር፤ አልጋው፣ መድኃኒቱና ነርሷ ግን በቦታቸው አልነበሩም።

ዛሬ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ከጤና ጣቢያው ቀድሟል። መጀመሪያ ለጨጓራ ቁስለት የተሠራው፣ ከወሊድ በኋላ ደም ለማስቆምም የሚታዘዘው ሚሶፕሮስቶል በከተማ መድኃኒት ቤቶች ይገኛል፤ መጠኑን ሳያውቁ የሚወስዱት ብዙ ናቸው። የዕፅ ሥሩና ቱቦው ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለኪኒን ለቀዋል፤ ሞትም አብሮ ቀንሷል። ኪኒኑን የወሰደች ሴት ግን ደም ሲበዛባት ድንገተኛ ክፍል ገብታ «አስወረደኝ» ትላለች። ፅንሱ በራሱ ከወረደባት ሴት በምርመራ የሚለያት ምልክት የለም ለማለት ይቻላል፤ የሚሰጣትም ሕክምና ያው ነው። ነርሷ የደም ግፊቷን ትለካለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች፣ በመዝገቡም ላይ የተነገራትን ቃል ትጽፋለች።