ልምላሜው የደበቀው አፈር

ሽሮ ሜዳ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጥበብና ነጠላ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ዓይኔ ያረፈው ከልብስ ሱቆቹ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር በተዘረጋ ቆስጣ ላይ ነበር። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ አረንጓዴነቱ የሚያስጎመጅ።

«እማማ፣ ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው ሻጯን።

«ከታች ነው ልጄ፣ የወንዝ ዳር። ልምላሜውን አታይም?»

አየሁ። ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ከእንጦጦ ሥር የሚነሱት ጅረቶች በየሰፈራችን አልፈው፣ ከተማዋን ሰንጥቀው ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባሉ። ትንሹም ትልቁም አቃቂ መዳረሻቸው አባ ሳሙኤል ነው፤ ከዚያ አዋሽ። በመንገድ ላይ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ቆዳ የተለፋበት ክሮሚየም ይቀላቀላቸዋል። መካኒሳ፣ ጎፋ፣ ላፍቶና አቃቂ አካባቢ ያሉ አትክልተኞች ለዓመታት መሬታቸውን ያጠጡት በዚሁ ውሃ ነው። ተመራማሪዎች ከከተማዋ የወንዝ ዳር ማሳዎች በወሰዷቸው አትክልቶች ውስጥ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶችን ከሚፈቀደው መጠን በላይ አግኝተዋል። ቆስጣና ሰላጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ይሰበስባሉ።

ታዲያ ለምን ይለመልማል? ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ስላለው ነዋ! ያው በነፃ የመጣ ማዳበሪያ ነው። ቅጠሉን አይታችሁ አፈሩን መመርመር አትችሉም።

አንድ ግራም ጤነኛ አፈር እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። እነዚህ ረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይም ያመርታሉ። ዩሪየዝ የሚባለው ዩሪያን ተክሉ ወደሚመገበው ናይትሮጅን ይቀይራል፤ ፎስፋቴዝ ደግሞ ከበሰበሰ ቅጠልና ከፍግ ፎስፈረስ ይፈለቅቃል። ካድሚየምና እርሳስ ኢንዛይሙ ላይ ይጣበቁና ሥራ ያስፈቱታል። ባክቴሪያውም ጉልበቱን መርዙን ለመቋቋም ስለሚጨርስ ለመራባት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ዎበርን የሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1961 የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ የተጨመረበት ማሳ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ክሎቨር (የኛው ማገጥ ዘመድ) ሲያበቅሉበት፣ ሥሩ ላይ ሆነው ከአየር ናይትሮጅን የሚሰጡት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን አቁመው አገኟቸው። ባቄላና አተርም የሚኖሩት በእንዲህ ዓይነት ባክቴሪያ ነው። ብረት ደግሞ እንደ ፍግ አይበሰብስም። ኮምፖስትና ኖራ አፈሩ ውስጥ አጥብቀው ሊይዙት ይችላሉ እንጂ አያጠፉትም። ቆስጣውን ደጋግሞ ማጠብም ጭቃውን እንጂ ውስጡ የገባውን አያወጣም።

ኢኮኖሚክስ ስማር ይህን «ኤክስተርናሊቲ» ይሉት ነበር፦ አንዱ ያበላሻል፣ ሌላው ይከፍላል። ፈተና ላይ በደንብ ጽፌዋለሁ። ገበሬውን ለመውቀስ ግን አፌ አይደፍርም፤ ንጹህ ውሃ ቢያገኝ ይህንን ማን ይመርጣል?

ደግሞ እኔስ? ባለፈው ክረምት ያበጠ የስልክ ባትሪ ቦይ ውስጥ ወርውሬያለሁ። ውስጡ ኮባልት አለ፣ አንዳንዱ ኒኬልም ይጨመርበታል። ጎርፉ ይዞት ሲወርድ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሌሎች ሁለት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ የት እንደምወስዳቸው እያጠያየቅኩ ነው።

እማማን አላስቀየምኳቸውም። ጥቅል ጎመን ገዛሁ።