የስንቅ ቤቱ ሹክሹክታ ከጋሸና

ስለ ጦርነት ሲወራ የምትሰሙት ከፊት የነበረውን ሰው ነው፤ ምሽግ የሰበረውን፣ ኮረብታ የያዘውን። እኔ ከኋላ ነበርሁ። የስንቅና ትጥቅ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ ያለፈው ዱቄት፣ ነዳጅ፣ ጥይትና ጫማ ስቆጥር ነው። ከእኛ ቤት የሚታየውን ጦርነት ማንም በመግለጫ አያነበውም። ከዚያ ወገን ያለውን ጥቂት ሹክ ልበላችሁ።

ጋሸናን በመኪና ያለፈ ብዙ ነው፤ ወርዶ ያያት ጥቂት። ከወልድያ ተነስቶ የድልብን ዳገት የሚወጣው መንገድ እዚህ ደርሶ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ይቀጥላል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ስለሆነ ሰዉ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ወደ ሰሜን የተገነጠለው ላሊበላ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ የታጠፈው ደግሞ በቆን አድርጎ፣ ወገልጤናን አልፎ ደሴ ይገባል። ጎብኚ ሻይ ጠጥቶ ብርዱን አማርሮ ያልፋታል። የስንቅ ሰው ካርታ ሲዘረጋ ግን መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው እሷ ላይ ነው። ጋሸናን የያዘ ጎንደርን፣ ላስታንና ደሴን የሚያገናኘውን ጉሮሮ ይይዛል፤ ያጣት ደግሞ ወደ ግንባር የላከው ኦራል የት እንደደረሰ እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

ለዚህ ነው በሰሜኑ ጦርነት ያቺ ትንሽ ከተማ ከእጅ ወደ እጅ የተመላለሰችው። በ2013 ነሐሴ የሕወሓት ኃይሎች ያዟት። ኅዳር 22 ቀን 2014 መከላከያና አብረውት የተሰለፉት ምሽጉን ሰብረው አስለቀቋት፤ ላሊበላም በዚያው ቀን ተመለሰች። ያን ቀን ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ደስታውም የሚገባ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ አካባቢው እንደገና እጅ ለወጠ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ተመለሰ። ውጭ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ክህደት ነበር፣ ድርድር ነበር እያለ ምክንያት ይፈልጋል። እኔ እንደ ስንቅ ሰው የማየው ሌላ ነው። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጦር በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲገሰግስ ከኋላ ያለው መስመር በዚያው ልክ ይለጠጣል፤ መገንጠያውን የሚጠብቀው ኃይል ይሳሳል። ከኋላ ነዳጁ፣ ቁስለኛ የሚያነሳው መኪና፣ የሾፌሩ እንቅልፍ አለ። የእነዚህ ሒሳብ ከድሉ ዜና ጋር እኩል አይሮጥም። ጦሩ ሁሉ እያጨበጨበ ሳለ ስንቅ ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዞች ልሂድ፤ እነሱን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጋሸና ወደ ደቡብ ጥቂት ቢሄዱ የዋድላ አምባ ነው። በ1860 መጋቢት ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዚህ አምባ አለፈ። ቤተ ሆር ላይ ሲደርስ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ለማሳለፍ ያስጠረጉትን መንገድ አገኘ፤ በዚያው በንጉሡ መንገድ የጂዳን ገደል ወረደ። ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር በጥቅምት ተነስተው መቅደላ የገቡት በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት ሙሉ ዐለት እያስፈለጡ፣ ጋፋት ላይ የተቀለጠውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ። ብርታቱን ሁላችንም እናወራዋለን። ስንቅ ቤት ውስጥ የሚነገረው ደግሞ ይህ ነው፦ ያ ጦር ቀደም ሲል በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር፤ በመጨረሻ ከእሳቸው ጋር የቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። በጌምድር ተበልቶ አልቋል። ገበሬው ጎተራውን ትቶ ሸሽቷል፤ ያልሸሸውም ሸፍቷል። ወታደሩን የፈታው ናፒየር አይደለም፤ ናፒየር ገና ባሕሩን ሳይሻገር ሆድ ፈትቶት ነበር።

እንግሊዞቹ በበኩላቸው የመጡት 13,000 ያህል ወታደር ይዘው ነው፤ አብዛኛው ከሕንድ የተነሣ። ከዚያ ጋር ጓዝ የሚያነሳ፣ ምግብ የሚያበስልና ከብት የሚነዳ 26,000 ያህል ሰው ነበረ። የጭነት ከብቱ ከ40,000 በላይ ነው፤ መድፍ የተሸከሙ 44 ዝሆኖችም ነበሩበት። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ለአንድ ወታደር ሁለት አገልጋይ፣ ሦስት ከብት። ይህን ሁሉ አደራጅተው መጡ ሲባል ነገሩ የተቀና ይመስላል። ዙላ ወደብ ላይ የሆነውን ግን በኋላ ሰነዳቸው ገለጠው። በቅሎዎቹ ከግብፅና ከሜድትራንያን ዳርቻ በጥድፊያ ተገዙ፤ የሚነዷቸው ሰዎችም እንደዚያው በጥድፊያ ከየወደቡ ተቀጠሩ። መርከብ ከብቱን ሲያራግፍ ባሕር ዳርቻው ላይ የሚበቃ ውኃ አልነበረም። በሺህ የሚቆጠር በቅሎ በጥምና በበሽታ አለቀ። ናፒየር ከመድረሱ በፊት መጓጓዣው ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ያዳነው የባሕር ውኃ የሚያጣራ ማሽን፣ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ ሐዲድና ብር ነው፤ ብዙ ብር።

ብሩም የራሱ ታሪክ አለው። የላስታና የዋድላ ገበሬ የእንግሊዝን ፓውንድ አይቀበልም፤ የሚያውቀው የማርያ ቴሬዛን ብር ነው። ስለዚህ ቪየና ከ4 ሚሊዮን በላይ ብር አዲስ ተመታ። ጦሩ ለሣሩም፣ ለገብሱም፣ ለማገዶውም እየከፈለ አለፈ። ገበሬው ስለተከፈለው አልሸፈተበትም፤ ገብሱን ራሱ ተሸክሞ ሰፈሩ ድረስ አመጣለት። በዚያው ሰሞን፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ የራሳችን ንጉሥ ጦር ይርበው ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል። መቅደላ ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ፣ ሚያዝያ 3 ቀን በአንድ ከሰዓት 700 ያህል የቴዎድሮስ ሰው የወደቀው፣ ከሦስት ቀን በኋላም ንጉሡ ሽጉጣቸውን የጠጡት፣ በመሣሪያ ልዩነት ብቻ አይደለም።

ለንደን ውስጥ የነበረው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ፓርላማው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ሒሳቡ ሲዘጋ 9 ሚሊዮን ሊደርስ ምንም አልቀረው። የገቢ ግብር ተጨመረ፤ ምክር ቤቱ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ያ ሁሉ መርከብና በቅሎ የተገዛው በጥድፊያ ዋጋ ነበር፤ የሕንድ መንግሥትና የለንደን ጦር ሚኒስቴር ደግሞ ማን ይክፈል እየተባባሉ ይገፋፉ ነበር። መዝገቡን ያገላበጠ የስንቅ ሰው በየገጹ የሚያውቀውን በሽታ ያገኛል።

ከሁሉም በላይ የላስታን ሰው የሚመለከተው ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። ዋግሹም ጎበዜ በዚያ ጊዜ የላስታ ጌታ ነበሩ። እንግሊዝ በአገራቸው ሲያልፍ አልተኮሱበትም። የትግራዩ ካሣ ምርጫም መንገድ ሰጡ፤ እህልም አስገኙ። ናፒየር ሲመለስ ከመድፉና ከጠመንጃው የተወሰነውን ለካሣ ተወላቸው። ከእሱ ጋር የመጣው ጆን ኪርካምም በኋላ የካሣን ወታደር አሠለጠነ። ጎበዜ በበኩላቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ሐምሌ ዐድዋ አጠገብ አሳም ላይ ሁለቱ ተገናኙ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ተሸነፉ፤ ተማረኩ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። የላስታ ዘውድ በሌላ አገር ጦር ትርፍ ዕቃ ተበላ ብል አላጋነንሁም። ለንደን ውስጥ ይህን አስቦ የወሰነ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለመጫን የሚያስወጣውን ሒሳብ ያየ አንድ የስንቅ ሹም፣ እዚሁ ይቅር ያለ ይመስለኛል።

ያ የእንግሊዝ መንግሥት ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ደግሞ ስሙ። የእንግሊዝ ምድር ጦር መደበኛ ወታደር 73,000 ያህል ነው፤ ከናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ወዲህ ትንሹ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2023 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቤን ዋላስ ራሳቸው ምክር ቤት ቆመው ሠራዊቱ ውስጡ ተቦርብሯል፣ በጀትም ተነፍጎታል ሲሉ አመኑ። ለዩክሬን 32 ኤ ኤስ 90 የተባሉ መድፎችን ሰጡ፤ ለጊዜው ምትክ ብለው ከስዊድን የገዙት 14 ነው። የወታደር ምልመላውን እ.ኤ.አ. በ2012 ካፒታ ለተባለ የግል ኩባንያ ሰጡ፤ የኦዲት መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመረምር ኩባንያው በአንዱም ዓመት ዕቅዱን አልሞላም።

ከሁሉ የገረመኝ የቤቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወታደር ቤተሰብ የሚኖርባቸውን ቤቶች ለአንድ የግል ድርጅት በ1.66 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጡ፤ ከዚያ መልሰው ኪራይ ከፋይ ሆኑ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ሻገተ፤ ሚስቶች አቤት አሉ፤ ልምድ ያለው ወታደር ጥሎ ወጣ። በ2025 ጥር ከ36,000 በላይ የሚሆኑትን መልሰው ገዟቸው፤ ዋጋው 6 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሎርድ ሮበርትሰን የመሩት የመከላከያ ግምገማ ወጣ፤ መንግሥትም ቢያንስ ስድስት የጥይትና የፈንጂ ፋብሪካዎችን ለመትከል፣ በ2027 ደግሞ የመከላከያ ወጪውን ከአገሪቱ ምርት 2.5 በመቶ ለማድረስ ቃል ገባ። ጋዜጦቹ የጻፉት ስለ ሰርጓጅ መርከቡና ስለ ድሮኑ ነው። እኔ የመጋዘኑን ገጽ ነው የፈለግሁት። ሀብታም አገርም ቢሆን በሰላም ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማይታየው ነው፦ ጥይቱ፣ መለዋወጫው፣ የወታደሩ ጣሪያ። በሰልፍ ላይ ስለማይታይ ማንም አይጮህለትም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ ዘንድ ይህን ነገር የተረዳ መሪ ነበር። ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ አሥራት እንዲከፈል ያዘዙት ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ እንዳይበላ ነው። እህሉ በጎተራ ይግባ፣ ወታደሩ ከጎተራ ይሰፈርለት የሚል ነበር ሐሳቡ። ክፉ ቀን በተባለው ረሃብ አገር አልቆ፣ አብዛኛው ከብት ረግፎ ሳለ የተወሰነ ውሳኔ ነው። በሁሉም አገር እኩል አልተፈጸመም። ሐሳቡ ግን ዛሬም ትክክል ነው፤ ዛሬም ብዙ ቦታ አልደረስንበትም።

በ2015 መጋቢት የክልል ልዩ ኃይሎች እንደገና እንደሚደራጁ መንግሥት ሲያስታውቅ አማራ ክልል ውስጥ የተነሣውን ተቃውሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ውሳኔው ይገባ ነበር፣ አይገባም ነበር የሚለውን ሌሎች ይከራከሩበት። እኔ ያየሁት ከስንቅ ቤት በኩል ነው። ትጥቅ የያዘ ሰው ነገ ማን እንደሚያበላው፣ ደመወዙ የት እንደሚወጣ፣ የጡረታው ዓመት መቆጠር አለመቆጠሩን ካላወቀ የሚሰማው ወሬውን ነው። ወሬ ደግሞ ከደብዳቤ ይቀድማል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባ። ላስታም፣ ጋሸና ያለችበት መቄትም ከዚያ ወዲህ እፎይ አላሉም። የመቄት ገበሬ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስንት ዓይነት የታጠቀ ሰው ደጁ ቆሞ እንዳየ አስቡት። ሁሉም ይርበዋል። ሁሉም ለእናንተ ነው የምንዋጋው ይላል። ጋሸና አካባቢ መሬቱ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ነው የሚያበቅለው፤ ውርጭ ከመታው ዓመቱ ሄደ። ከዚያ ቤት አንድ ኩንታል የወሰደ ሰው የአንድ ቤተሰብ ክረምት ወስዷል።

የመከላከያ በጀት ምክር ቤት ሲቀርብ ጠቅላላው ድምር ይነገራል፤ እጅ ይወጣል፤ ይጸድቃል። በዚያ ወንበር ላይ ያላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የዚሁ አገር ልጆች ናችሁ፣ ከድምሩ አልፋችሁ ጠይቁ። ወታደሩ ከጋሸና ላይ ሆኖ ከገበሬ ሳይወስድ ስንት ቀን ይበላል? መንገዱ ቢዘጋ መጋዘኑ ውስጥ ምን አለ? ቁስለኛ ወልድያ ሳይደርስ የሚታከምበት ቦታ የት ነው? በጦርነቱ ጊዜ በሬውንና ገብሱን ያስረከበ ገበሬ በየትኛው መዝገብ ተጽፏል? መቼስ ይከፈለዋል? መልሱ ምስጢር ነው ከተባላችሁ በዝግ ስብሰባ ስሙት። ቁጥሩ ያለው የስንቅ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው፤ የያዘውንም ሰው በስሙ አስጠሩት። ከጄኔራሎቹ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም።