ሂስታሚንን ስለማይችል ሰውነት፤ ከቤታችን ማዕድ የተገኘ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዘመዳችን ልጅ ሰርግ ላይ ባለቤታችን ከታላላቅ ሰዎች ጋር ለማዕድ ተቀምጣ ነበር። አንድ ብርሌ ጠጅ እንኳ ሳትጨርስ፤ ከቀረበውም ወጥ ጥቂት እንደ ቀመሰች፤ ፊቷና አንገቷ እንደ ፍም ቀላ፤ ልቧ ይደልቅ ጀመር፤ ራሷንም ጠፍሮ ያዛት። ሴቶች ደግፈው ወደ ጓዳ ሲወስዷት በአዳራሹ የቀሩት እንግዶች በሦስት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ «በአንድ ብርሌ ሰከረች» ብለው አንሾካሾኩ። ሌሎቹ «ዓይን ነው፤ አለባበሷን አይተው ነው» አሉ። ሦስተኞቹ ግን ምንም ሳይናገሩ ወጡ የወጣበትን ድስት ይመለከቱ ነበር። ይህ ዝምታ ከሁሉ የከፋ ሆነ፤ ባለ ሰርጉ ምን እንዳሰቡ ገብቶታልና። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሕመሙ እንደ አመጣጡ ሄደ፤ በባለ ሰርጉና በእኛ መካከል የገባው ቅሬታ ግን ሁለት ዓመት ቆየ።

የቤትን ገመና በጋዜጣ ማውጣት የሚያስከብር ነገር እንዳይደለ እናውቃለን። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ ባለቤታችን ራሷ «ይጻፉት እንጂ፤ እንደኔ ያለ በደሏ ስሟ የሚጠፋ ሴት ታንብበው» ስላለችን፤ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እናመለክታለን።

ሂስታሚን የሚባለው ነገር መርዝ አይደለም። በሰውም በእንስሳም ሥጋ ውስጥ የሚገኝ፤ ለሰውነት ሥራ የሚያስፈልግ ረቂቅ ነገር ነው። በሆድ ውስጥ ምግብ የሚያላምጠውን አሲድ ያስፈልቃል፤ በአንጎል ውስጥ የንቃት መልእክተኛ ነው፤ ቁስል ወይም ባዕድ ነገር በገባ ጊዜም የደም ሥሮችን ከፍቶ ረዳት ይጠራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. አዶልፍ ቪንዳውስና ፎግት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ሠሩት፤ በ1910 ዓ.ም. ደግሞ ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌድሎ የተባሉ እንግሊዛውያን በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ገለጹ። በሕያው ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ መኖሩ የተረጋገጠው ግን በ1927 ዓ.ም. ከትኵስ ጉበትና ከሳንባ በወጣ ጊዜ ነው። ስሙም የሰውነት ሕብር ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዴል በ1936 ዓ.ም. ስለ ሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ዳንኤል ቦቬት የሂስታሚንን ኀይል የሚከላከሉ መድኃኒቶችን በማግኘቱ ጭምር ይኸንኑ ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ሂስታሚን ከውስጥ ብቻ ሳይሆን ከውጭም ከምግብ ጋር ይገባል። ምግብ ሲቆይና ሲፈላ፤ በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች በፕሮቲን ውስጥ ያለውን ሂስቲዲን የተባለ ነገር ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል። ይህም ሲገባ የሚያስተናግደው ዘበኛ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ተሠርቷል፤ ስሙ ዲያሚን ኦክሲዴዝ፤ በአጭሩ ዳኦ ነው። ለዚህ ነገር ከኛ አገር ወግ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በጥንቱ የግብር አዳራሽ አጋፋሪው እንግዳውን በተራ ያስገባል፤ የበላውንም በተራ ያሰናብታል። አጋፋሪው ብርቱ ከሆነ ሺህ ሰው ቢመጣ ሥርዓት አይፈርስም። አጋፋሪው ደካማ ከሆነ ግን፤ ወይም አንድ ሰው መጠጥ አጠጥቶ ካስተኛው፤ ሕዝቡ በሩን ገፍቶ ይገባል። መጠጥ አጠጥቶ ያልነው ለቀልድ አይደለም፤ አልኮል የዳኦን ሥራ እንደሚያዳክም ታውቋል፤ አንዳንድ የሐኪም መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። የተረፈው ሂስታሚን ወደ ደም ሲገባ አንዱን ፊቱን ያቀላዋል፤ ሌላውን ራሱን ያመዋል፤ አፍንጫውን ያፈሰዋል፤ ቆዳውን ያሳክከዋል፤ ሆዱን ይነፋዋል ወይም ያስቀምጠዋል፤ ልቡንም ያስደልቀዋል። አንዱ ሕመም አንድ መልክ ብቻ ስለሌለው ነው ሐኪሙም ዘመዱም የሚሳሳተው።

ይህ ነገር በኛ ዘንድ አለርጂ ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም። አለርጂ የሰውነት ሠራዊት አንዱን ምግብ ጠላት ብሎ ሲነሣበት ነው፤ ጥቂት ቅንጣት እንኳ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሂስታሚንን አለመቻል ግን የመጠን ነገር ነው። ዛሬ የበሉት ያልጎዳ ሰው ነገ ያንኑ በልቶ ይታመማል፤ በመካከሉ ሌላ ሂስታሚን ያለበት ነገር ወይም መጠጥ ጨምሮበታልና። በቤታችንም ያደናገረን ይህ ነበር። የሰኞ የዶሮ ወጥ አልነካትም፤ ያው ወጥ ረቡዕ ሞቆ ሲቀርብ ጣላት። እኛም እንደ ሞኝ ሠራተኛይቱን ወቀስናት።

ስለ ዓሣ የሚባለው ከዚህም ይከፋል። ቱና፤ ማኬሬልና ሰርዲን የተባሉት ዓሦች በተፈጥሯቸው ሂስቲዲን የበዛባቸው ስለ ሆኑ፤ ከተጠመዱ በኋላ በሙቀት ከቆዩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሂስታሚን ይሞላባቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ጤነኛውም ሰው ይታመማል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ኮዴክስ በእንደዚህ ያሉ ዓሦች ውስጥ በኪሎ ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ሂስታሚን እንዳይገኝ ወስኗል። የሚያስፈራው ነገር ሂስታሚን ሽታም መልክም የሌለው መሆኑና እሳት የማያጠፋው መሆኑ ነው፤ መቀቀልም፤ መጥበስም፤ በቆርቆሮ ማሸግም፤ በበረዶ ማድረቅም አንድ ጊዜ የተፈጠረውን አያስወግደውም። ባለቤታችን በአንድ የጾም ወራት ከቆርቆሮ ዓሣ በልታ ስትቀላ እናታችን አይተው «ዓሣም ሥጋ ነው፤ ጾም የገደፈ ሰው ይህ ይደርስበታል» ብለው ፈረዱባት። ስለ ዓሣና ስለ ጾም ያለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን፤ የዚያን ቀን መቅላት ግን የቆርቆሮው እንጂ የጾሙ አልነበረም።

ከዓሣ ሌላ ሂስታሚን የሚበዛባቸው የቆየ አይብ፤ የደረቀና የታሸገ ሥጋ፤ ቋሊማ፤ ቀይ ወይን፤ ቢራና በጨው የተብላሉ አታክልት ናቸው። ቲማቲም፤ ደበርጃንና ስፒናች ሳይቆዩም በራሳቸው አላቸው። በዚህ በኩል የጓዳችን ሥርዓት ግማሹ ወዳጅ ግማሹ ባላጋራ ነው። በዕለቱ የተገፋ ወተት አይብ፤ በዕለቱ የታረደ ሥጋ፤ ሩዝና ትኵስ አታክልት ለእንዲህ ያለ ሰው ይስማማሉ። በገንና በጋን ሲፈላ የከረመው መጠጥና ሳምንት በድስት የሚውለው ወጥ ግን መጀመሪያ ሊጠረጠሩ ይገባል።

አሁን ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ድንቅ የሆነውን እንናገር። ባለቤታችን የመጨረሻውን ልጃችንን ባረገዘች ጊዜ ሕመሙ ሁሉ ጠፋ። ሰርግም ሄደች፤ ክርስትናም ዋለች፤ አንድም ቀን አልቀላችም። ከዘመድ አንዱ ጠበሉ ነው አለ፤ ሌላው የተሳልነው ስእለት ነው አለ። ልጁ ተወልዶ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ሕመሙ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ስእለቱን አላገባችሁም» ተብሎ ሌላ ወቀሳ መጣብን። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ አስተዋይ ሐኪም ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዕራቸውን አኖሩና ሁለተኛ ጊዜ እንድንናገር ጠየቁን። በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጅ ብዙ ዳኦ ስለሚሠራ፤ በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ዳኦ ከቀድሞው እስከ 500 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ነገሩን። ፅንሱ እናቱን የሚጠብቅ አጋፋሪ ይዞ መጥቶ፤ ሲወለድ ይዞት ሄዶ ነበር ማለት ነው።

እኚህ ሐኪም ግን ወዲያው አልፈረዱም፤ ይህንንም በማድረጋቸው እናመሰግናቸዋለን። ከርሳቸው አስቀድሞ የሄድንበት አንድ ሌላ ሐኪም ነገሩን «የሴቶች ጭንቀት» ብሎ የእንቅልፍ ክኒን ሰጥቶን ነበር። እኚህኛው መጀመሪያ አለርጂ እንዳይሆን በቆዳ ላይ ፈተኑ፤ የአንጀትን በሽታ መረመሩ፤ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አስቈጠሩ። ከዚያም በደም ውስጥ የዳኦን መጠን መለካት ብቻውን ነገሩን እንደማያረጋግጥ ገለጹልን። የጀርመን፤ የኦስትሪያና የስዊስ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት በ2021 ዓ.ም. ያወጡት መመሪያም ይህንኑ ይላል፤ የተሻለው መንገድ ራሱን ማዕዱን መመርመር ነው። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ የሐኪሞች ጽሑፍ ከመቶ አንድ ሰው ያህል ይህ ችግር እንዳለበት ገምቶ ነበር፤ ነገር ግን ሰዎቹ ሂስታሚን መዋጣቸውን ሳያውቁ በተፈተኑ ጊዜ ታምመናል ይሉ ከነበሩት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ምልክት አላሳዩም። ስለዚህ «እኔም አለብኝ» ለማለት መቸኰል አይገባም።

መመሪያው ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ከ10 እስከ 14 ቀን ሂስታሚን ከሚበዛባቸው ምግቦች መታቀብ ነው። ምልክቱ ከቀነሰ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ የተተዉትን ምግቦች አንድ በአንድ መመለስና ማየት ነው። በመጨረሻ ሰውየው የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ሊኖርበት የሚችል ሰፊ ማዕድ ይሠራለታል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መቅረት ስሕተት ነው፤ ከዓመት እስከ ዓመት ሁሉን የከለከለ ሰው፤ ይልቁንም በጾም ላይ ጾም ሲጨምር፤ በሌላ በኩል ይደኸያል።

ኑሯችን በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስለ ሆነ ይህ ሥራ አልከበደንም። በሠንጠረዥ የተሠመረ ደብተር ገዝተን፤ ቀኑን፤ ሰዓቱን፤ የተበላውን፤ ምግቡ መቼ እንደ ተሠራ፤ የተጠጣውን፤ የታየውን ምልክት፤ የእንቅልፉን መጠንና የወር አበባዋን ጭምር ባለቤታችን በገዛ እጇ ጻፈች። እኛ መጀመሪያ «ምግቡ መቼ እንደ ተሠራ» የሚለውን ዓምድ አላሰብነውም ነበር፤ እርሷ ናት የጨመረችው፤ ፍርዱም የተገኘው ከዚያው ዓምድ ነው። ሁለት ወር ከተጻፈ በኋላ ጠጅ፤ ቀይ ወይን፤ የቆርቆሮ ዓሣና ከሁለት ቀን በላይ የቆየ የሥጋ ወጥ ተፈረደባቸው። ቲማቲም በጥቂቱ ከሆነ በዋስ ተለቀቀ። እንጀራ እርሾ አለበት ተብሎ ለሁለት ሳምንት ታስሮ ነበር፤ ከሳሽ ስላልተገኘበት በነጻ ወጣ፤ የዚያን ቀን በቤታችን የነበረው ደስታ የልደት በዓል ይመስል ነበር። ይህ ግን የእርሷ መዝገብ ነው፤ በሌላ ሰው መዝገብ ፍርዱ ይለያያል።

ከዚህ በኋላ የወጥ ቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። ሥጋ ከገበያ እንደ መጣ ይሠራል፤ የተረፈው እስኪቀዘቅዝ ሲጠበቅ በምድጃ አጠገብ አያድርም፤ ወዲያው በትናንሽ ዕቃ ተከፍሎ ወደ በረዶ ቤት ይገባል፤ የወጣውም በዚያው ቀን ይበላል። ብርዱ የተፈጠረውን ባያጠፋም አዲስ እንዳይፈጠር ያዘገያልና። ሠራተኛይቱንም ስለ ቀድሞው ወቀሳ ይቅርታ ጠየቅናት።

በፋርማሲ የሚሸጥ የዳኦ ክኒን እንዳለ ሰምተን ገዝተን ነበር። ዕሽጉን ስናነብ አብዛኛው የሚሠራው ከአሳማ ኵላሊት መሆኑን ተረዳን፤ እናታችን ይህን ቢሰሙ ክኒኑን ብቻ ሳይሆን እኛንም ከቤት ያስወጡ ነበር። ለእንዲህ ያለው መድኃኒት ያለው ማስረጃም ገና ብዙ አይደለም። የሂስታሚን መከላከያ ክኒን ግን ሐኪሙ ሲያዙ ይጠቅማል፤ ጥንታዊዎቹ ዓይነቶች እንቅልፍ ስለሚያመጡ መኪና የሚነዳ ሰው ይጠንቀቅ። ከበሉ በኋላ ጕረሮ ቢያብጥ፤ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ሰው ቢዝለፈለፍ ደብተር የሚከፈትበት ጊዜ አይደለም፤ ይህ የሚገድል አለርጂ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ደቂቃ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

የቀረው ከበሽታው የሚብሰው ነገር ነው፤ ይኸውም ግብዣ። አገራችን እንግዳን የምታከብረው በአፉ ነው። «በሞቴ» ያለን ሰው መመለስ፤ የተዘረጋን ጕርሻ ማለፍ፤ የተቀዳን ብርሌ ሳይነኩ ማስቀመጥ ንቀት ይመስላል፤ እንደኛም ጥርጣሬ ባለፈበት ቤት ከንቀትም ይከፋል። ባለቤታችን መጀመሪያ በየሰበቡ ከግብዣ ትቀር ነበር፤ ከዚያም ቀስ በቀስ የሚጠራት ጠፋ። በመጨረሻው ያገኘችው ዘዴ ቀላል ነው። ግብዣው ሳይደርስ ከሁለት ቀን በፊት ወደ ቤቱ እመቤት ዘንድ ሄዳ፤ በጓዳ ተቀምጣ፤ ነገሩን ሳትደብቅ ትነግራለች። እመቤቲቱም በአዳራሽ ቢነገራት የምታፍርበትን፤ በጓዳ ሲነገራት እንደ አደራ ትቀበለዋለች። በግብዣው ቀን ጕርሻው ከትኵሱ ድስት ይመጣል፤ በብርሌውም ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

ያን ባለ ሰርግ ዘመዳችንን ለማስታረቅ ሽማግሌ ልከን፤ የሐኪሙን ቃልና ያን ደብተር ይዘን ሄድን። እርሱ ደብተሩን ለረጅም ጊዜ ገለጠ። የሰርጉ ቀን በደብተሩ ውስጥ የለም፤ ከዚያ በኋላ ነው የተጀመረው፤ እርሱ ግን የፈለገው ያን ይመስላል። ከዚያም «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የወጥ ቤት ሠራተኞቼን አንድ በአንድ ስጠረጥር ነበር» አለ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ጠርቶን ሄድን። ባለቤታችን ከመቀመጧ በፊት ሚስቱ ከጓዳ በገዛ እጇ አንድ ብርሌ ይዛ ወጣች፤ በዚያው ጧት የተበጠበጠ ብርዝ ነበር። «ጠጅ መስሏቸው ይዩ፤ እትዬ፤ እኛ ግን እናውቃለን» አለቻት። ባለቤታችንም ብርሌውን እስከ ግርጌው ጠጣችው።